ዳክ ምንድን ነው? ለቤት ሙዚቃስ የቱ ይበቃል?

ዳክ ቁጥርን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይር ዕቃ ነው። በቃ፣ ሥራው ይሄው ነው። ሲተረጎም የዲጂታል ወደ አናሎግ መቀየሪያ እንደማለት ነው፤ ዳክ የእንግሊዝኛው ስም አጭር አጠራር ነው። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ዘፈን ገና ድምፅ አይደለም፣ የቁጥር ክምር ነው። ስፒከር ደግሞ ቁጥር አያውቅም። የሚያውቀው ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ነው፤ በእሱ እየተገፋና እየተመለሰ አየሩን ያንቀጠቅጣል፣ ያ ነው ጆሯችን የሚደርሰው። በሁለቱ መሃል ሆኖ የሚያግባባቸው ዳክ ነው።

ሲዲ በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲወጣ የተቆረጠለት ልክ ዛሬም ያገለግላል። በሰከንድ 44,100 ቁጥር ለግራ፣ 44,100 ለቀኝ። እያንዳንዱ ቁጥር ከ65,536 ደረጃዎች አንዱ ነው። አስቡት፣ የሦስት ደቂቃ ዘፈን ከ15 ሚሊዮን በላይ ቁጥር አለው፣ ዳኩ ደግሞ እያንዳንዱን በሰዓቱ ወደ ቮልቴጅ መቀየር አለበት።

ብዙ ሰው ዲጂታል ድምፅ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው፣ የሸክላው ግን ልስልስ ያለ ነው ይላል። ዲጂታሉ ላይ ያለው አባባል ስህተት ነው። ከዳኩ የሚወጣው ሞገድ ከመጨረሻው ማጣሪያ ካለፈ በኋላ ሙሉ በሙሉ ለስላሳ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ከለካችሁ እስከ ግማሹ፣ ማለትም በሰከንድ እስከ 22,050 ጊዜ የሚርገበገበውን (22,050 ኸርዝ) ድምፅ እንዳለ መልሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፣ የጤነኛ ወጣት ጆሮ ደግሞ እስከ 20,000 አካባቢ ቢሰማ ነው። ዕድሜ ሲጨምር ከዚያም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ዳክ ልግዛ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ቤቱ ውስጥ ሦስት አራት ዳክ አለው። ስልኩ ውስጥ አለ። ላፕቶፑ ውስጥ አለ። ቲቪው ውስጥ አለ። ብሉቱዝ ስፒከሩ ውስጥም አለ፣ ባይኖር ኖሮ ድምፅ አይሰጥም ነበር። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ያለኝ ዳክ ምን አጎደለብኝ የሚለው ነው። ምንም ካላጎደለባችሁ ገንዘባችሁን ለስፒከር አስቀምጡት። ይሄን ከልቤ ነው የምለው፤ ስፒከር ሲቀየር ልዩነቱን ሙዚቃ የማይወደው ጎረቤት ሳይቀር ይሰማዋል፣ ደህና ዳክ በሌላ ደህና ዳክ ሲቀየር ግን ባለቤቱም ብዙ ጊዜ አይለየውም።

የሚያጎድልበት ቤት ግን አለ። አጎቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። ከድሮ ሠፈሩ ሲወጣ ብዙ ዕቃ ሰጥቶ ሲሸጥ ስፒከሮቹን የምታስጮኽለትን ያቺን የድሮ አምፕሊፋየሩን ግን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አብሮት ወሰዳት። ጎኗ እንጨት ነው፣ ከኋላዋ ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። አዲሱ ቲቪው ደግሞ ቀይና ነጭ የሚባል ነገር የለውም። ያለው አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው፣ ክዳኑን ገፋ ስታደርጉት ውስጡ ቀይ መብራት ይታያል። ያ ኦፕቲካል ይባላል፣ ድምፁን በብርሃን የሚልክ መውጫ ነው። ቲቪው በቁጥር ያወራል፣ አምፕሊፋየሯ በኤሌክትሪክ ብቻ ትሰማለች። ዳክ ግድ የሚሆነው እንደዚህ ዓይነት ቦታ ነው።

መርካቶ ሄድን። ሻጩ ከክብሪት ሳጥን ትንሽ ከፍ የምትል ጥቁር ብረት አወጣልን፣ ከፍለን መጣን፣ ሰካን፣ ዝም። ገልብጬ ጀርባዋን ሳነብ ለካ የያዝነው የተገላቢጦሹን ነው፣ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል የሚቀይረውን። ሁለቱ መንታ ይመስላሉ። ስትገዙ አንድ ነገር ብቻ እዩ፤ ኦፕቲካሉ አጠገብ መግቢያ (IN)፣ ቀይና ነጩ አጠገብ ደግሞ መውጫ (OUT) የሚል ጽሑፍ መኖር አለበት። ደግነቱ ሻጩ ያለምንም ጭቅጭቅ ቀየረልን።

ተመልሰን ሰካን። አሁን ደግሞ ጭርርር የሚል ድምፅ ብቻ። ይሄ የዳኩ ጥፋት አልነበረም፤ ቲቪው ዶልቢ በሚባለው የተጨመቀ አላላክ ነበር የሚልከው፣ ትንንሽ ዳኮች ግን የሚያውቁት ፒሲኤም የሚባለውን ተራ ቁጥር ነው። ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ድምፅ የሚለው ጋ ገብታችሁ የዲጂታል መውጫውን ፒሲኤም በሉት፣ ወዲያው ይስተካከላል። በዚህ ምክንያት ብቻ ዕቃው ተበላሽቷል ብለው የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ ያሳዝናል።

ሦስተኛው ነገር የድሮ አምፕሊፋየር ያላችሁን ሁሉ ይመለከታል። አጎቴ ገመዱን የሰካው ፎኖ የሚለው ላይ ነበር፣ ክፍት ሆኖ ስላገኘው። ፎኖ የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ ነው። ከሸክላ መርፌ የሚመጣው ጥቂት ሚሊቮልት ስለሆነ እዚያ ጋ የተቀመጠው ክፍል ድምፁን እጅግ ያጎላዋል፣ ባሱንም ለብቻው ከፍ ያደርጋል። ከዳክ የሚወጣው ደግሞ በተለምዶ እስከ 2 ቮልት ይደርሳል። ጉድጓድ ውስጥ እንደሚጮህ ሰው የተበላሸና የሚያጓራ ድምፅ ነው የሰማነው። ኦክስ፣ ሲዲ ወይም ቴፕ የሚለው ላይ ስኩት እንጂ ፎኖ ላይ በፍጹም።

ሌላው ዳክ የሚያስፈልግበት ምክንያት ጫጫታ ነው። ላፕቶፕ ከአምፕሊፋየር ጋር ስታገናኙ ዝዝዝ ይላል? ቻርጀሩን ንቀሉት። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ከመብራት መስመሩ ነው የሚመጣው፣ በተለይ ግራውንዱ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) በደንብ ባልተዘረጋበት ቤት። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ያ ወፍራም እምምም የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ዳክ ገዝታችሁም እምምታው ሊቀጥል ይችላል፣ ምክንያቱም ዩኤስቢ ገመድ ውስጡ ብረት ነው፣ መንገዱ አልተቋረጠም። ኦፕቲካል ግን ብረት የለውም፣ ብርሃን ብቻ ነው የሚያልፍበት፣ ስለዚህ ያንን መንገድ ይቆርጠዋል። ኦፕቲካል ያለው መሣሪያ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

እንግዲህ ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ቀዳዳውን ነው። ከምን መሣሪያ ነው የምታጫውቱት? ከቲቪ ከሆነ ኦፕቲካል፣ ከላፕቶፕና ከስልክ ከሆነ ዩኤስቢ። ከስልክ በብሉቱዝ መላክ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ብሉቱዝ ያለው፤ ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ስለሚልክ ትንሽ ነገር ይቀራል፣ ለማታ ወሬ ማድመቂያ ግን ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ እዩ። ብዙዎቹ ትንንሽ ዳኮች 5 ቮልት ነው የሚጠይቁት፣ የቲቪው ዩኤስቢ ላይ ከሰካችኋቸው በብዙ ቲቪዎች አብረው ይበራሉ አብረው ይጠፋሉ። የአጎቴም እንደዚያ ነው የተሰካችው፣ ሌላ ሶኬት አልፈጀብንም።

የኢርፎን ቀዳዳ የሌለው ስልክ ያላችሁ ደግሞ ያቺ አጭር ማገናኛ ራሷ ዳክ ልትሆን እንደምትችል እወቁ። የአፕሏ ውስጧ ዳክ አለ፣ አሜሪካ ውስጥ 9 ዶላር ነው የምትሸጠው፣ ለዋጋዋ በጣም ንጹሕ ነች። ገበያ ላይ ያሉት አንዳንዶቹ ግን ውስጣቸው ሽቦ ብቻ ነው፣ ስልኩ ራሱ አናሎግ ካላወጣ ጸጥ ይላሉ። በራሳችሁ ስልክ ሞክራችሁ ግዙ።

ዳኩ ውስጥ ያለው፣ ቅየራውን የሚሠራው ቺፕ የማን ነው የሚለውን ብዙ አትጨነቁበት። ጃፓን ውስጥ ቺፑን የሚሠራው የኤኬኤም ኩባንያ ፋብሪካ በ2020 እ.ኤ.አ. ሲቃጠል ቺፕ ጠፍቶ ነበር፣ ዳክ ሠሪዎቹም ወደ ኢኤስኤስና ወደ ሌሎቹ ቺፕ ሠሪዎች ዞሩ፣ ዕቃዎቹ ግን ጥሩ ሆነው ቀጠሉ። ከቺፑ በኋላ ያለው ሥራና ኃይል አቅርቦቱ እኩል ቦታ አላቸው። ካርቶኑ ላይ 768 ኪሎኸርዝ፣ 32 ቢት ተብሎ ሲጻፍም አትደንግጡ። 16 ቢት፣ ማለትም ያ የሲዲው 65,536 ደረጃ፣ ብቻውን በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል። መስኮት ከፍታችሁ የሜክሲኮን ታክሲ ጥሩንባ እየሰማችሁ ያንን ሁሉ ልትጠቀሙበት አትችሉም።

ሱቅ ውስጥ ሁለት ዳክ ስታወዳድሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ትንሽ ጮክ ያለው ሁሌ የተሻለ ይመስላል፣ የሁላችንም ጆሮ እንደዚያ ነው። አንዱ 1 ቮልት ሌላው 2 ቮልት ካወጣ ሁለተኛው ያሸንፋል፣ ጥራት ኖሮት ግን አይደለም።

እና ፋይሉ። ዳክ የተሰጠውን ነው የሚያነበው። አጎቴ መጀመሪያ ያስከፈተኝ ጥላሁን ገሠሠን ነው፣ ከዩቲዩብ፣ አንድ ሰው ከካሴት ቀድቶ የጫነው። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ። አጎቴ ወደ ዳኳ ጎንበስ ብሎ "ይቺም ተበላሸች እንዴ?" አለኝ። አይደለም፣ ካሴቱ ነው፣ ካሴት ማጥሪያ ሳይጨመርበት ከ50 እስከ 60 ዲሲቤል ቢሰጥ ነው፣ ሹሹታው እዚያው ላይ አብሮ የተቀዳ ነው። ከዋናው ቴፕ በደንብ የተቀዳ ሌላ ቅጂ ፈልጌ ከፈትኩለት። በዚያችው ዳክ፣ በዚያችው አምፕሊፋየር። የሳክስፎኑ ትንፋሽ ሳይቀር ወጣ፣ አጎቴም ወንበሩን ከስፒከሮቹ መሃል አስገብቶ ሪሞቱን ከእጄ ወሰደ።