የእንግሊዝና ዌልስ ፕሮቤሽን በካምፓኒ እጅ በነበረ ጊዜ፡ የሠራተኛው ጉዳይ

ፕሮቤሽን እኛ አመክሮ ከምንለው ጋር ይቀራረባል ግን ሰፋ ይላል፣ ከእስር የወጣውንም ፍርድ ቤት ሳያስር በክትትል የለቀቀውንም ይይዛል። እንግሊዝ ውስጥ በቤተክርስቲያን ሰዎች ተጀምሮ በ1907 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) በህግ ቆመ፣ ህጉም ሠራተኛው እንዲመክር፣ እንዲረዳና ወዳጅ እንዲሆን ነው ያዘዘው።

ነገሩ የተገለባበጠው በ2014 ነው። በክሪስ ግሬይሊንግ ሚኒስትርነት ጊዜ ፕሮቤሽኑን በየአካባቢው ይዘው የነበሩት 35ቱ የመንግስት ተቋማት (ትረስቶች) ፈረሱና አስጊ የሚባሉት ሰዎች ለመንግስት፣ መካከለኛና ዝቅተኛ የተባሉት ደግሞ ለ21 ካምፓኒዎች ተሰጡ፣ ከፌብሩዋሪ 2015 ጀምሮም ሶዴክሶን የመሳሰሉ የግል ድርጅቶች ካምፓኒዎቹን ያዟቸው። ሠራተኛውም አብሮ ተከፈለ፣ አንድ ቢሮ ዓመታት አብረው የሰሩ ሰዎች አንዱ የመንግስት አንዱ የካምፓኒ ሆነው ቁጭ አሉ። ከ1912 ጀምሮ ያለው ማህበራቸው ናፖ ገና ሳይከፈሉ አድማ መትቶ ነበር፣ ሰሚ አላገኘም እንጂ።

አንድ ሠራተኛ ከዚህ በላይ ኬዝ (የሚከታተለው ሰው) አይያዝ የሚል ቁርጥ ያለ ጣሪያ አልነበረም። ሙሉ የፕሮቤሽን ኦፊሰር ለመሆን 15 ወይ 21 ወር እየሰሩ መማር ይጠይቃል፣ ከስሩ ያለው ረዳት ግን በአጭር ስልጠና ነው የሚገባው፣ በደሞዝም ርካሽ ነው፣ ስለዚህ ኬዙ ወደሱ ነው የተገፋው። ካምፓኒዎቹ የተባለው ያህል ኬዝ ስላልመጣ ገቢያችን ወርዷል ይላሉ፣ እሱስ እውነትነት አለው። ግን በ2017 የፕሮቤሽኑን ስራ የሚመረምሩት ኢንስፔክተሮች አንዳንድ ጀማሪ ሠራተኛ ከ200 በላይ ሰው ይዞ አገኙት፣ በየስድስት ሳምንቱ ስልክ ተደውሎ ክትትል የሚባልበትም ነበር። ሰው በስልክ ይመከራል እንዴ?

በፌብሩዋሪ 2019 ዌልስንና ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝን የያዘው የግል ድርጅት ዎርኪንግ ሊንክስ ከሰረ። ኢንስፔክተሮቹ እሱ በያዛቸው ዶርሴት፣ ዴቨንና ኮርንዎል ላይ ያገኙት ደግሞ የባሰ ነው፣ የሰዉ የአስጊነት ደረጃ ሰዉን አይቶ ሳይሆን የኮንትራቱን ታርጌት አይቶ ይሰጥ ነበር። በማርች ዋና ኢንስፔክተሯ ግሌኒስ ስቴሲ አሰራሩ ሊጠገን አይችልም አሉ፣ የሰለጠነ ኦፊሰር እጥረቱንም አሳሳቢ ብለውታል።

ዌልስ በ2019 መጨረሻ ክትትሉን ወደ መንግስት መለሰች፣ እንግሊዝ ደግሞ ጁን 26 ቀን 2021። ከ7000 በላይ ሠራተኛ ከካምፓኒ ተመለሰ፣ የሰው እጥረቱም አብሮ ገባ።