የማያውቁትን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ፎቶ ማንሳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መንገድ ላይ ያዩትን እንግዳ ሰው ቀርቦ «ፎቶ ላነሳዎት?» ብሎ መጠየቅ ለብዙ ጀማሪዎች ከካሜራው ቴክኒክ ሁሉ ይከብዳቸዋል። እንዲከብዳቸው የሚያደርጉትም በአብዛኛው የሚከተሉት አመለካከቶች ናቸው።

«ፈቃድ ከተጠየቀ ፎቶው ተፈጥሯዊነቱን ያጣል።»

ከሁሉም የተስፋፋው፣ በእኔ እምነትም ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። ሳያውቅ የተነሳ ሰው ፎቶ ድርጊቱን ያሳየናል፤ ፖርትሬት (የአንድን ሰው ማንነት የሚያሳይ የገጽታ ፎቶ) ግን ሰውየው ለሚያየው ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያቀርብ የሚያሳይ በመሆኑ የተነሺው ማወቅ የፎቶው አካል ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ሪቻርድ አቬዶን እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1984 በምዕራብ አሜሪካ እየተዘዋወረ የማዕድን ሠራተኞችንና ሥራ ፈላጊ መንገደኞችን በነጭ ወረቀት ፊት አቁሞ ሲያነሳ፣ ከትልቁ ካሜራ ኋላ ሳይሸሸግ ከጎኑ ቆሞ ፊት ለፊት ያያቸው ነበር፤ ሁሉም እየተነሱ መሆናቸውን ቢያውቁም ፊታቸው ላይ የሚነበበው ስሜት የተቀባ አይመስልም። እርግጥ ካሜራ የተደቀነበት ሰው መጀመሪያ ላይ ፊቱ ይኮሳተራል ወይም የግዴታ ፈገግታ ያሳያል። መፍትሔው ጨዋታውን ሳያቋርጡ ደጋግሞ ማንሳት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ፎቶ በኋላ ትከሻው ይላላል፣ ዓይኑም ይረጋጋል።

«በረዥም ሌንስ ከሩቅ ማንሳት የበለጠ ጨዋነት ነው።»

ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ የ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከመንገዱ ማዶ እንደሚታይ ያወቀ ሰው የሚሰማው መከበር ሳይሆን መሰለል ነው። አጠር ባለ የ50 ወይም የ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ መሥራት ይቻላል፤ ይህም ለመነጋገር የሚመች ርቀት ነው። ከዚህ እጅግ መቅረብ ግን አፍንጫን ከሌላው የፊት ክፍል አጉልቶ ያሳያል፤ የዚህ መንስኤም ርቀቱ እንጂ ሌንሱ አይደለም።

«የሕዝብ መተላለፊያ ላይ የቆመ ሰው ፎቶ ለማንኛውም አገልግሎት ሊውል ይችላል።»

ማንሳትና ማሳተም በሕግ ፊት የተለያዩ ናቸው፤ ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በኩቤክ የአንድ ሕንፃ መወጣጫ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሳለች የተነሳችው ወጣት ፎቶ ያለ ፈቃዷ በመጽሔት በመውጣቱ 2000 ዶላር ካሣ እንዲከፈላት የተሰጠውን ፍርድ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያጸና፣ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት በ2006 አንድ መንገደኛ ባቀረበው ተመሳሳይ አቤቱታ ላይ ፎቶው የጥበብ ሥራ ነው በማለት ክሱን ውድቅ አድርጎታል። ለማስታወቂያ የሚውል ከሆነ የጽሑፍ ስምምነት መያዝ፣ ሕፃን ከሆነም ወላጁን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

«ለዚህ ሥራ አንደበተ ርቱዕ መሆን ያስፈልጋል።»

የሚያስፈልገው ዝግጅት ነው። ጥላ ያለበትን ቦታ አስቀድመው ከመረጡና ካሜራውን ለብርሃኑ አስተካክለው ካዘጋጁ፣ ካሜራውን ሳይደብቁ ከፊት ለፊት ቀርበው ማንነትዎንና ለምን እርሳቸውን እንደመረጡ በሁለት ዓረፍተ ነገር መግለጽ ይበቃል። «ያደረጉት ባርኔጣ ከፊትዎ ጋር ተስማምቶ አየሁት» የሚል እውነተኛ ምክንያት ከጅምላ ውዳሴ ይልቅ ይታመናል።

«እምቢታ ውርደት ነው።»

ሰውየው ቸኩሎ ወይም አዝኖ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን የመናገር ግዴታም የለበትም። አመስግኖ መሄድ ይገባል እንጂ መለማመጥ አይገባም። ከተነሳ በኋላ ሐሳቡን ከቀየረም ፎቶውን እያየ በፊቱ ማጥፋት ተገቢ ነው።