ሰንደቅና ዘፈን፦ የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ሀገር ፍቅርና ስለ ሕዝባዊ ባህል ያላቸው አመለካከት

በአሜሪካ ወግ አጥባቂ የሚባለው የፖለቲካና የባህል ወገን ስለ ሙዚቃ ያለው አመለካከት ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ሙዚቃን ይጠረጥራል፤ ዜማ ከአእምሮ ቀድሞ ስሜትን ስለሚማርክ፣ ቤተሰብ፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት በብዙ ድካም ያነጹትን ሥነ ምግባር ሊያፈርስ ይችላል ብሎ ይሰጋል። በሌላ በኩል ደግሞ በሙዚቃ ይመካል፤ የወታደር ማርሽ፣ ብሔራዊ መዝሙርና የገጠር ዘፈን የሀገር ፍቅርን ከስብከት በተሻለ ለልጅ ልጅ ያስተላልፋሉ ብሎ ያምናል። ባለፉት መቶ ዓመታት ሚዛኑ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው አጋድሏል፤ ሕዝባዊ ባህልን ከውጭ ሆኖ ይወቅስ የነበረው ወገን ዛሬ በምርጫ አደባባይ ሁነኛ ተጠቃሚው ሆኗል። ይሁን እንጂ የመረጣቸው ዘፈኖች እርሱ በሰጣቸው ትርጉም ታጥረው የቆዩበት ጊዜ ጥቂት ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥርጣሬው ሥር ሩቅ ነው። የሙዚቃ ስልት ሲለወጥ የሀገር ሕግም አብሮ ይናወጣል የሚለውን ሐሳብ ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው ድርሰቱ አስፍሮታል፤ ወግ አጥባቂ ጸሐፊዎችም እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው አለን ብሉም በ1987 ስለ አሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ባሳተመው መጽሐፍ ለሙዚቃ አንድ ምዕራፍ የሰጠው ይህንኑ መከራከሪያ ይዞ ነበር። በእርሱ አስተያየት፣ ሮክ ወጣቱን ያለ አንዳች ድካም ወደ ደስታ ጫፍ ስለሚያደርሰው፣ በሥራ፣ በጥናትና በፍቅር የሚገኘው ደስታ በኋላ እንዳይጥመው ያደርጋል። መጽሐፉ ማንም ያልጠበቀውን ያህል ተሸጠ፤ በወግ አጥባቂዎች ዘንድም ተወደደ፤ ብሉም ግን «ወግ አጥባቂ» መባልን አልተቀበለም። ምዕራፉን ያነበበ ሰው ጸሐፊው የሚወቅሰውን ሙዚቃ ጆሮውን ሰጥቶ እንዳላዳመጠ መገመት አያቅተውም፤ ሆኖም ትምህርት የሚጀምረው ስሜትን ከመግራት ነው የሚለው ነጥቡ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ከብሉም ሰማንያ ዓመት ቀደም ብሎ ስጋቱ ያተኮረው በማጫወቻው ላይ ነበር። ከ1880 እስከ 1892 የማሪን ጦር የሙዚቃ ጓድን የመራውና በኋላ በሕግ የሀገሪቱ ብሔራዊ ማርሽ የተባለውን ድርሰት የደረሰው ጆን ፊሊፕ ሱዛ፣ በ1906 ባወጣው ጽሑፍ የሸክላ ማጫወቻን አጥብቆ ነቅፏል። ሙዚቃ ከማሽን የሚወጣ ከሆነ፣ አለ ሱዛ፣ ሰው በቤቱ መዝፈኑንና መሣሪያ መማሩን ይተዋል። የራሱ ጓድ ግን ሸክላ ያስቀርጽ ነበር። በ1920ዎቹ ደግሞ የመኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድ ጃዝን ለማስረሳት የጥንት የቫዮሊን ጨዋታና የገጠር ጭፈራ እንዲስፋፋ ገንዘብ አፈሰሰ። ይህ ብቻ ቢሆን ለባህል መቆርቆር ነው ሊባል ይችል ነበር፤ ነገር ግን ጋዜጣው የጃዝን መስፋፋት በአይሁዶች ላይ እያሳበበ ጥላቻ ይዘራ ስለነበር፣ ወግን የመጠበቅ ዓላማ ዘርን ለማጥቂያ ሽፋን እንዴት እንደሚውል ጉልህ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል።

ሰንደቁን ከፍ የሚያደርጉት ዝነኛ መዝሙሮች ታሪክ ከዚህ ሁሉ አጥር ውጭ የሚሄድ ነው። የብሔራዊ መዝሙሩ ግጥም በመስከረም 1814 በባልቲሞር የፎርት ማክሄንሪ ምሽግ በእንግሊዝ መርከቦች ሲደበደብ አድሮ ሰንደቁ ሳይወርድ መንጋቱን ያየው ጠበቃ ፍራንሲስ ስኮት ኪ የጻፈው ነው፤ ዜማው ግን ለንደን ውስጥ ለነበረ የሙዚቃ አፍቃሪዎች ማኅበር የተደረሰ፣ ማለትም የጠላት ሀገር ዜማ ነበር። ኮንግረስ ያጸደቀውንና ይህን መዝሙር የሀገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ያደረገውን ሕግ ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር የፈረሙት መጋቢት 3 ቀን 1931 ነው። ከዚያ በፊት በ1918 በቤዝቦል የፍጻሜ ውድድር ላይ ሲመታ ተመልካቹ አብሮ መዘመሩ፣ መዝሙርንና ስፖርትን ያስተሳሰረው ልማድ እንዲስፋፋ ረድቷል። ዜማው ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ኖታ ያለው ርቀት ሰፊ በመሆኑ ግን ድምፃዊ ላልሆነ ሰው ቀርቶ ለድምፃዊም ይከብዳል።

ወግ አጥባቂው ዛሬ እንደ ሁለተኛ ብሔራዊ መዝሙር የሚያየውን፣ እግዚአብሔር አሜሪካን እንዲባርክ የሚለምነውን ዘፈን የደረሰው ደግሞ ከሩሲያ ግዛት በልጅነቱ የተሰደደው አይሁዳዊ ኢርቪንግ በርሊን ነው። በ1918 በወታደርነት ሳለ ደርሶ ካስቀመጠው በኋላ፣ ኬት ስሚዝ በ1938 በሬዲዮ ዘፍና አሳወቀችው። በ1940 ዘፋኙ ዉዲ ገትሪ የዚህ ዘፈን እርካታ ስላናደደው፣ ምድሪቱ የሁሉም ናት የሚል ምላሽ ጻፈ። ግራ ዘመም የነበረው የገትሪ መልስም ከጊዜ በኋላ በትምህርት ቤቶች ሕፃናት የሚዘምሩት የሀገር ፍቅር ዘፈን ሆነ።

ወግ አጥባቂነትና ሕዝባዊ ሙዚቃ በእርግጥ የተጋቡት በቬትናም ጦርነት ዘመን፣ በካንትሪ ሙዚቃ በኩል ነው። ካንትሪ ከ1925 ጀምሮ ከናሽቪል በሬዲዮ በሚተላለፈው ግራንድ ኦል ኦፕሪ አማካይነት የገጠሩንና የደቡቡን ሰው ጆሮ ይዞ ቆይቷል። የነጮች ንጹሕ ቅርስ ነው የሚለው አባባል በታሪክ አይደገፍም፤ ባንጆ ሥሩ አፍሪካዊ ነው፤ በኦፕሪ የመጀመሪያ ዓመታት ከታወቁት ተጫዋቾች አንዱም ጥቁር አሜሪካዊው የሃርሞኒካ ባለሙያ ዲፎርድ ቤይሊ ነበር። በ1966 በሥራ ላይ የነበረው ሃምሳ አለቃ ባሪ ሳድለር ስለ ልዩ ኃይሉ ወታደሮች የዘፈነው ማርሽ መሰል ዘፈን የዘፈኖችን ተወዳጅነት ደረጃ በሚያወጣው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ ለአምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በ1969 ደግሞ የካንትሪ ዘፋኙ መርል ሃጋርድ፣ ማሪዋና የማያጨሱና የውትድርና መጥሪያ ካርዳቸውን የማያቃጥሉ የአንዲት የኦክላሆማ ከተማ ሰዎችን ኩራት ዘፈነ። ወላጆቹ ከኦክላሆማ ወደ ካሊፎርኒያ የፈለሱ ድሆች ነበሩ፤ እርሱም በሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ቆይቷል፤ በ1972 ይቅርታ ያደረጉለት የካሊፎርኒያ ገዥ ሮናልድ ሬገን ናቸው። ዘፈኑ የምሩን ይሁን ቀልድ ተጠይቆ ሃጋርድ በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሰጥቷል። አድማጩ ግን የምር አድርጎ ወስዶታል፤ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን «ዝምተኛው ብዙኃን» ያሉት ሕዝብ በሬዲዮ ራሱን የሰማበት ጊዜ ነበርና።

ኒክሰን ይህን ለመረዳት አልዘገዩም። በ1970 የካንትሪ ዘፋኙ ጆኒ ካሽ ዋይት ሐውስ ሊዘፍን ሲጋበዝ ይህ የሃጋርድ ዘፈን እንዲጨመር ተጠየቀ፤ ካሽ ግን የራሱን ዘፈኖች መረጠ፤ ከእነርሱም አንዱ የወጣቱን ጥያቄ የሚደግፍ ነበር። በመጋቢት 1974፣ ሥልጣን ሊለቁ አምስት ወር ሲቀራቸው፣ ኒክሰን የኦፕሪ አዲስ አዳራሽ ሲመረቅ ተገኝተው ፒያኖ ተጫውተዋል። በዚሁ ዘመን በሌላው ጎራ፣ ሆሴ ፌሊሲያኖ በ1968 በዲትሮይት ብሔራዊ መዝሙሩን በጊታር ዝግ አድርጎ በራሱ ስልት በመዝፈኑ ውግዘት ደረሰበት፤ በተከታዩ ዓመት በዉድስቶክ የሙዚቃ ድግስ መዝሙሩን በኤሌክትሪክ ጊታር ያስጮኸው ጂሚ ሄንድሪክስም የተቃውሞ ምልክት ተደርጎ ተወሰደ። ሄንድሪክስ የአየር ወለድ ወታደር እንደነበር የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

1984 የዚህ ታሪክ ዋና ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሬገን በድጋሚ ሲወዳደሩ ሪፐብሊካኖች በዳላስ ጉባኤያቸው የሊ ግሪንውድን የሀገር ፍቅር ዘፈን አሰሙ፤ ሬይ ቻርልስም በዚያው መድረክ ስለ አሜሪካ ውበት የሚናገረውን የቆየ መዝሙር ዘፈነ። በመስከረም ፕሬዚዳንቱ በኒው ጀርሲዋ ሃሞንተን ከተማ ባደረጉት ንግግር የብሩስ ስፕሪንግስቲንን ስም ጠርተው ዘፈኖቹ የተስፋ መልእክት እንዳላቸው ተናገሩ። በወቅቱ የገነነው ዘፈኑ ግን ከቬትናም ተመልሶ ሥራ ስላጣ ወታደር የሚያትት የምሬት ዘፈን ነበር፤ አዝማቹን ብቻ የሰማ ሰው በኩራት ይጮኻል፤ ስንኞቹን ያዳመጠ ያዝናል። በእኔ ግምት ወግ አጥባቂዎቹ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም፤ በዚያ ዘፈን ውስጥ ምሬቱም የሀገር ልጅነቱም አብረው አሉና።

ልክ በዓመቱ፣ መስከረም 19 ቀን 1985፣ ሴኔቱ ስለ ጸያፍ የዘፈን ግጥሞች የአቤቱታ መስሚያ ስብሰባ አካሄደ። ጉዳዩን ያነሳው የወላጆች ቡድን መሥራቾች የዴሞክራቱ ሴናተር የአል ጎር ባለቤትና የሬገን የገንዘብ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር ባለቤት ስለነበሩ፣ የሥነ ምግባር ስጋት የአንድ ፓርቲ ብቻ አልነበረም። ሙዚቀኞቹ ፍራንክ ዛፓና ጆን ዴንቨር ተቃውመው መሰከሩ። ውጤቱ በሕግ የተጣለ ክልከላ ሳይሆን፣ አሳታሚዎች ተስማምተው በአልበሞች ላይ የለጠፉት የወላጆች ማስጠንቀቂያ ነው።

ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ የግሪንውድ ዘፈን ዳግም ገነነ፤ የካንትሪ ጣቢያዎችም ሰንደቅ የሚያውለበልቡ ዘፈኖችን ደጋግመው አጫወቱ። የኢራቅ ወረራ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ በመጋቢት 2003፣ ዲክሲ ቺክስ የተባለው የካንትሪ ቡድን ድምፃዊት ናታሊ ሜይንስ ለንደን ላይ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የቴክሳስ ሰው በመሆናቸው እናፍራለን በማለቷ፣ ብዙ ጣቢያዎች ዘፈኖቻቸውን አስወጡ፤ ሸክላዎቻቸውም በአደባባይ ተሰባበሩ። ቡድኑ በ2007 አምስት የግራሚ ሽልማት ቢያገኝም በካንትሪ ሬዲዮ የነበረውን ቦታ አላገኘም። በ2016 የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ኮሊን ካፐርኒክ የፖሊስን በደል ለመቃወም መዝሙሩ ሲሰማ መንበርከኩ፣ ከ2021 ጀምሮም በ1900 የተደረሰው የጥቁር አሜሪካውያን መዝሙር የዚሁ ስፖርት የፍጻሜ ጨዋታ በሆነው በሱፐር ቦውል መቅረቡ ተመሳሳይ ቁጣ አስነስቷል። ወግ አጥባቂዎች ስታዲየም ከፖለቲካ ነጻ የሆነ የጋራ ቦታ ይሁን ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ መዝሙሩ ራሱ ፖለቲካ ነው ይላሉ።

ዘፈን ለምርጫ ዘመቻ ሲውል ጉዳዩ የገንዘብና የፈቃድም ነው። ዘመቻዎች እንደ አስካፕና ቢኤምአይ ካሉ የደራሲያን መብት ድርጅቶች ጥቅል ፈቃድ ይገዛሉ፤ ደራሲው ዘፈኑ ከጥቅሉ እንዲወጣለት መጠየቅ ይችላል። ዘፋኙ ኒል ያንግ በ2020 የዶናልድ ትራምፕን ዘመቻ የከሰሰው ዘፈኖቹን ያለ ፈቃድ ተጠቅሟል በማለት ነው። በነሐሴ 2023 ከዚያ በፊት በየትኛውም የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ስሙ ያልነበረው የቨርጂኒያው ኦሊቨር አንተኒ የሠራተኛውን ድካምና የዋሽንግተን ባለሥልጣናትን ንቀት በዘፈነበት ዘፈን በአንድ ጊዜ አንደኛ ወጣ፤ በሚልዋኪ የሪፐብሊካን እጩዎች ክርክርም የመጀመሪያው ጥያቄ የቀረበው ዘፈኑን በማሰማት ነበር። አንተኒ ብዙም ሳይቆይ ዘፈኑ የተጻፈው በዚያ መድረክ ላይ ስለቆሙት ሰዎች ጭምር መሆኑን ገልጾ፣ ሁለቱም ወገኖች የእኛ ነው እንዳይሉት ጠየቀ።