ፖከር፦ ኮንከር ለለመደ ሰው

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ካርታ የሚይዝ ወጣት አይጠፋም፤ የሚጫወተው ግን ክሬዚ ወይም ኮንከር ነው። ፖከርን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከፊልምና ከስልክ ነው። ካርታው ያው ነው፤ ጆከሮቹ ወጥተው 52 ይቀራሉ።

ኮንከር ላይ ትመዛለህ፣ ትጥላለህ፤ የከፋ እጅ ቀስ እያለ ይስተካከላል። በጣም በተለመደው የፖከር ዓይነት፣ በቴክሳስ ሆልደም፣ መምዘዝ ብሎ ነገር የለም። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል። መሃል ላይ ደግሞ አምስት ካርታ የጋራ ሆኖ ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ከሰባቱ የተሻለ አምስት ያወጣ ይበላል።

የእጆቹ ደረጃ ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው፦ ጥንድ፣ ሁለት ጥንድ፣ ሦስት ተመሳሳይ፣ አምስት ተከታታይ፣ አምስት ባለ አንድ ምልክት፣ ሦስትና ሁለት ተመሳሳይ (ፉል ሃውስ)፣ አራት ተመሳሳይ፣ ተከታታይ ሆኖ ባለ አንድ ምልክት። ተከታታይና ባለ አንድ ምልክት ሁሌም ያጨቃጭቃሉ። መልሱ ቁጥሩ ላይ ነው። ከ52 ካርታ 2,598,960 ዓይነት ባለ አምስት ካርታ እጅ ይወጣል። ተከታታዩ 10,200 ሲሆን ባለ አንድ ምልክቱ 5,108 ብቻ ነው። ብርቅ የሆነው ይበልጣል። ከ10 እስከ ኤስ ባንድ ምልክት የሚደረደረው ቁንጮ እጅ አራት ብቻ ነው።

ዋናው ጨዋታ ግን ማስያዙ ነው። ካርታ ሳይታደል ሁለት ሰዎች በግድ ያስይዛሉ፤ ይህ ብላይንድ ይባላል። ከዚያ አራት ዙር አለ፤ ሁለቱ ካርታ እንደታደለ አንድ፣ መሃል ላይ በተገለጠ ቁጥር ደግሞ አንድ አንድ። ተራህ ሲደርስ እኩል ታስይዛለህ፣ ትጨምራለህ ወይም ካርታህን ጥለህ ትወጣለህ። በዙሩ ማንም ካላስያዘ ዝም ብለህ ማለፍም ትችላለህ። ሁሉም ከጣለልህ ባዶ እጅህንም ይዘህ ትበላለህ፤ ማሳየት አይጠበቅብህም። ሽወዳው የሚመጣው ከዚህ ነው።

እኛ የጀመርነው አራት ኪሎ፣ አንድ ካፌ ውስጥ፣ በቆርኪ ነበር። አልሆነም። ቆርኪ ማንንም ስለማያስፈራ ካርታ የሚጥል ጠፋ፤ ሁሉም እስከ መጨረሻው ይከተላል፣ ሽወዳም አይሠራም። አንድ ቀን ቆርኪው ያለቀበት የሁላችንንም ማኪያቶ ይክፈል ተባለ። በመጀመሪያው ዙር ሦስት ሰው ካርታውን ጣለ።