«ሂቹ ላይ 3,500 ተጽፏል እኮ!»

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ሐበሾች ናቸው፤ መኪናቸው ደግሞ ራቭ ፎር ወይም ሲአርቪ። የተጎታች ማያያዣውን፣ ማለትም ሂቹን፣ ኦንላይን ገዝተው ደጃፋቸው ቆመው ራሳቸው ይገጥሙታል። ጎበዞች ናቸው፤ በዚህ ቅር አይለኝም። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሚደወልልኝ ስልክ ነው። «ጋሼ፣ ሂቹ ላይ 3,500 ፓውንድ ይላል። እጎትታለሁ አይደል?»

አትጎትትም።

ቁጥሩ የብረቱ ነው። የሠራው ድርጅት ያለህ «ብረቴ እስከዚህ ይችላል» ነው። ስለ ካምቢዮህ፣ ስለ ፍሬንህ፣ ስለ ራዲያተርህ ምንም አላለም። ራቭ ፎርን እንውሰድ። ከ2019 እስከ 2025 ሞዴል እዚህ አሜሪካ የተሸጠው ተራው ባለ ቤንዚን የተፈቀደለት 1,500 ፓውንድ ነው። ሃይብሪዱ 1,750። አድቬንቸርና ቲአርዲ ኦፍ ሮድ የሚባሉት ናቸው 3,500 የደረሱት። ከውጭ ስታያቸው መንትያ ናቸው። የሚሠራው ሁልጊዜ ትንሹ ቁጥር ነው፤ እሱም ያለው የመኪናው መጽሐፍ ውስጥ ነው። የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ፣ ከኢንሹራንስ ወረቀቱ ሥር፣ አንድም ቀን ሳይገለጥ።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ልጅ ወደ አትላንታ ሊዛወር ሲል «አንዴ እይልኝ» ብሎ መጣ። መኪናው ሃይብሪድ ራቭ ፎር፣ ከኋላው የተከራየው 5 በ8 ጫማ ዝግ ተጎታች። ከሩቅ ሳየው ገባኝ። የመኪናው ቂጥ መሬት ሊነካ ደርሷል፣ የፊት መብራቱ ሰማይ ሰማይ ያያል። በሩን ከፈትኩት። ፍሪዘር፣ ሁለት አልጋ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ምጣድ፣ እናቱ የላኩለት በርበሬ። እንዲህ ዓይነቱ ተጎታች ባዶውን 900 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ከ1,750 ስትቀንስ የቀረህ 850 ነው። የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አወጣነው፤ ተጎታቹ ብቻውን 2,300 አለፈ።

«ግን እኮ ጎተተው!» አለኝ። መጎተቱማ ይጎትታል። ጣጣው ማቆም ላይ ነው። ያ ተጎታች የራሱ ፍሬን የለውም፤ ሁሉንም የምታቆመው በመኪናህ ፍሬን ነው። ፍሪዘሩና ማጠቢያው እዚሁ ተሸጡ። በርበሬው ሄደ።

የዚሁ ስህተት የቅርብ ዘመድ፦ «ከባዱን ዕቃ ወደ ኋላ አድርገው፣ መኪናዋ እንዳትጫን።» ይሄ ምክር ሰው ይገድላል። ከኋላ የከበደ ተጎታች ሀይዌይ ላይ ጅራቱን መቁላት ይጀምራል፣ መኪናውንም ይዞት ይሄዳል። ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉ ከተጎታቹ የፊት ግማሽ ላይ ይሁን። ሂቹ ላይ የሚያርፈው ክብደት የጠቅላላውን ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን፣ መጽሐፉ ከፈቀደው ግን አይለፍ። ለትንሽ ተጎታች መለካቱ ቀላል ነው። የመታጠቢያ ቤት ሚዛንህን አውጣ፣ እንጨት ደርብበት፣ የተጎታቹን አፍንጫ ሂቹ ላይ በሚሆንበት ከፍታ አሳርፈው፣ አንብብ።

ሌላም የምሰማው አለ፦ «ሂች ለመግጠም ሻንሲው (የመኪናው የሥር ብረት) መበሳት፣ መበየድ አለበት።» ለአብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች አያስፈልግም። ቀዳዳው አለ፣ ብሎኑ የሚገባበት ዳዶም ከውስጥ ተበይዶ ይጠብቅሃል። አንዳንዱ ላይ ፓራውልቱን ማውረድ ወይም ከሥሩ ትንሽ መቁረጥ ይኖራል። ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን፣ ዝቅ ለማድረግ የተንጠለጠለበትን ጎማ በሳሙና ውሃ አርጥበው፣ ራሱ ይወጣል።

«ዋስትናዬ ይቃጠላል።» አይቃጠልም። ከ1975 ጀምሮ ማግነሰን ሞስ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ሌላ ዕቃ ስለገጠምክ ብቻ ዋስትና አይከለክሉህም፤ ጉዳቱ ከዚያ ዕቃ መምጣቱን ማሳየት አለባቸው። ከልክ በላይ ጎትተህ ካምቢዮ ካቃጠልክ ግን አትሟገት።

«ብሎኑን እስኪያቅትህ አጥብቀው።» በፍጹም። እዚህ በክረምት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ የሻንሲው ዳዶ ይዝጋል። አንዱ ዝገቱን ሳያጸዳ በኤሌክትሪክ መፍቻ ሲያስገባ ዳዶው ከብየዳው ተላቆ ሻንሲው ውስጥ ይሽከረከር ጀመር። የሰላሳ ደቂቃ ሥራ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ጥረገው፣ ዝገት መፍቻ ዘይት ንፋበት፣ ብሎኑን በጣትህ አስጀምረው። መጨረሻውን በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ)፣ መመሪያው ላይ በተጻፈው ልክ።

«ክሪኩ ይበቃል።» አይበቃም፤ ቋሚ ድጋፍ ሳታስገባ ሥሩ አትግባ።

«የተጎታቹን ሽቦ ከፍሬቻው ጋር ጠምዝዘህ በቴፕ እሰር።» ይሄ የድሮ ቶዮታ ጨዋታ ነው። የዛሬው መኪና መብራቱን የሚቆጣጠረው በኮምፒውተር ነው፤ ተጨማሪ አምፖል ሲጫንበት ስህተት ይጽፍልሃል፣ ሲብስም ኮምፒውተሩ ይቃጠልብሃል። ለመኪናህ የተሠራውን፣ በሶኬት የሚሰካውን የሽቦ ስብስብ ግዛ። ኃይሉን በፊዩዝ በኩል ከባትሪ የሚወስድ ይሁን። ሽቦውን ስትዘረጋ ከማርሚታው አርቀው።

«ኳሱ ሁሉ አንድ ነው።» ሂቹ ላይ ተጎታቹ የሚቀመጥበትን የብረት ኳስ ማለታቸው ነው። አይደለም። ለትንሽ ተጎታች 1 ከ7/8 ኢንች አለ፣ 2 ኢንችም አለ። ለ2 ኢንች የተሠራ ተጎታች ትንሹ ኳስ ላይ የተቀመጠ ይመስልሃል፤ አንድ ጉድጓድ ሲያገኝ ዘሎ ይወጣል። መጠኑ ኳሱ አናት ላይ ተቀርጿል። ይሄኛውን ቁጥር እንኳ ማመን ትችላለህ።