ሳይንሳዊ የስሌት ላይብረሪዎችን በተለያዩ የፓይተን ትግበራዎች ላይ ማስኬድ

ፓይተን በ1991 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጊዶ ቫን ሮሰም ለሕዝብ ያቀረበው የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሌት፣ በዳታ ትንተናና በማሽን ለርኒንግ ሥራዎች እጅግ ከሚዘወተሩት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቋንቋው አንድ ቢሆንም በእሱ የተጻፈውን ኮድ ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ማለትም ትግበራው፣ ግን አንድ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ተጠቃሚ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጭነው በሲ ቋንቋ የተጻፈውን ሲፓይተንን ነው። ከእሱ ሌላ በጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ላይ የሚሠራው ጃይተን፣ ለማይክሮሶፍት የፕሮግራም መድረክ ለዶትኔት የተዘጋጀው አይረንፓይተን፣ ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፓይፓይ፣ እንዲሁም በኦራክል ላብስ የተሠራው ግራልፓይ አሉ። በንጹሕ ፓይተን የተጻፈ ፕሮግራም ከእነዚህ በአብዛኞቹ ላይ ያለ ብዙ ችግር ይሄዳል። ነምፓይና ሳይፓይን የመሳሰሉት የሳይንስ ላይብረሪዎች (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባቸው የተዘጋጁ ኮዶች) ግን ለረጅም ዓመታት ከሲፓይተን ውጭ መሄድ አልቻሉም።

ምክንያቱ ከሒሳቡ የመነጨ አይደለም። የነምፓይ መሠረት የሆነው አሬይ፣ ማለትም የቁጥሮች ድርድር፣ ራሱ ቀላል ነገር ነው፤ በማህደረ ትውስታ ውስጥ የተቀመጡ ቁጥሮች፣ የቁጥሮቹ ዓይነት፣ የአሬዩ ቅርጽ፣ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ለመሻገር ስንት ባይት መዝለል እንደሚገባ የሚገልጽ መረጃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ትላልቅ ማትሪክሶች ሲባዙ ሥራው የሚከናወነው ብላስ በሚባሉት የሊኒየር አልጀብራ ንዑሳን ፕሮግራሞች ውስጥ ስለሆነ፣ ከበላይ ያለው ፓይተን የትኛውም ቢሆን የሚፈጀው ጊዜ እምብዛም አይለያይም። ችግሩ ያለው ላይብረሪውና ቋንቋው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ነምፓይ ውስጡ በአብዛኛው በሲ የተጻፈ ሲሆን፣ ከፓይተን ጋር የሚነጋገረው ሲፓይተን ለውጭ ኮድ ባቀረበው የሲ ኤፒአይ፣ ማለትም የመገናኛ ጥሪዎች ስብስብ፣ በኩል ነው። ይህ ኤፒአይ ከቋንቋው ትርጓሜ ይልቅ የሲፓይተንን የውስጥ አሠራር ገልጦ የሚያሳይ ሆኖ አደገ። እያንዳንዱ ኦብጀክት (ፕሮግራሙ የሚሠራበት ዋጋ፣ ለምሳሌ ቁጥር ወይም ሊስት) በማህደረ ትውስታ ውስጥ ቋሚ አድራሻ እንዳለው፣ ከስንት ቦታ እንደሚጠቀስ የሚቆጥር ቁጥር በራሱ ላይ እንደሚሸከም፣ ቆጠራው ዜሮ ሲደርስም እንደሚጠፋ ታሳቢ ያደርጋል። ላይብረሪውም ይህን ቆጠራ በገዛ እጁ ከፍና ዝቅ ያደርጋል።

ፓይፓይ እንዲህ አይሠራም። ማህደረ ትውስታን የሚያጸዳው በቆጠራ ሳይሆን በሕይወት ያሉትን ኦብጀክቶች እየፈለገ ከቦታ ቦታ በማዛወር ነው። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚያስቸግር በአንድ ትንሽ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በሲ የተጻፈ ላይብረሪ የአንድ ሊስት የመጀመሪያ አባል እንዲሰጠው ጠየቀ እንበል። በሲፓይተን ሊስቱ የኦብጀክት አድራሻዎች ድርድር ስለሆነ መልሱ አንድ አድራሻ አንብቦ መመለስ ብቻ ነው። በፓይፓይ ግን ሙሉ ቁጥሮችን ብቻ የያዘ ሊስት ቁጥሮቹን እርቃናቸውን ያስቀምጣቸዋል፤ በውስጡ ኦብጀክት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ፓይፓይ ሲፓይተንን የሚመስል አዲስ ኦብጀክት መፍጠርና ቆጠራውን ማዘጋጀት ይኖርበታል። ከዚያም በላይ ኤፒአዩ የመለሰው ማጣቀሻ፣ ማለትም ወደ ኦብጀክቱ የሚያመለክተው አድራሻ፣ በውሰት የተሰጠ ስለሆነ፣ ተቀባዩ ጨርሻለሁ ብሎ አያሳውቅም፤ ፓይፓይ ያን ኦብጀክት እስከ መቼ በሕይወት ማቆየት እንዳለበት ከጥሪው ማወቅ አይችልም። አንድ ስሌት እንዲህ ያለውን ጥሪ ሚሊዮን ጊዜ ሊደጋግመው ይችላል።

ጉዳዩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ የጂም ሁጉኒን የሥራ ታሪክ ነው። ሁጉኒን የነምፓይ ቅድመ አያት የሆነውን ኒውሜሪክን በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሲፓይተን ጻፈ፤ ጥቂት ቆይቶ በኋላ ጃይተን የተባለውን ትግበራ ጀመረ፤ ቀጥሎም አይረንፓይተንን ሠራ። የፓይተንን የአሬይ ስሌትም ሁለቱን ትግበራዎችም ያስጀመረው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በሲ የተጻፈው ላይብረሪ ወደ ሁለቱ ትግበራዎች በቀጥታ መግባት አልቻለም። ይህ የችሎታ ማነስ ሳይሆን የመገናኛው ባሕርይ ያመጣው መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም። ኒውሜሪክና ተፎካካሪው ኒውማሬይ ከጊዜ በኋላ በትራቪስ ኦሊፋንት አማካይነት ተዋሕደው ነምፓይ ሆኑ፤ የነምፓይ 1.0 እትም በ2006 ሲወጣም ያው የሲ ኤፒአይ ጥገኝነት አብሮ ተወረሰ።

መፍትሔ ፍለጋው በተለያዩ መንገዶች ተሞክሯል። የመጀመሪያው የላይብረሪውን እምብርት ከፓይተን መለየት ነበር። ኤንቶውት የተባለው ኩባንያ ከማይክሮሶፍት ጋር በመተባበር በ2010 ገደማ ነምፓይንና ሳይፓይን ወደ ዶትኔት ለማምጣት ሲነሳ፣ የአሬዩን ሥራ ስለ ፓይተን ምንም በማያውቅ የሲ ላይብረሪ ውስጥ ለይቶ አስቀመጠ። ሐሳቡ በእኔ ግምት ትክክለኛ ነበር፤ ሆኖም ለውጡ ከዋናው ነምፓይ ጋር ስላልተዋሐደ፣ ዋናው በየወሩ እየተለወጠ ሲሄድ ቅጂው ወደ ኋላ ቀረ።

ሁለተኛው መንገድ እንደገና መጻፍ ነው። የፓይፓይ ባልደረቦች ከ2011 ጀምሮ ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ ጭምር እየታገዙ ነምፓይን ፓይፓይ ራሱ በተሠራበት አርፓይተን መጻፍ ጀመሩ። ጥቅሙ የሚናቅ አልነበረም፤ የፓይፓይ ኮምፓይለር የአሬዩን ኮድ ስለሚያየው አባላቱን አንድ በአንድ የሚነካ ሉፕ በጣም ይፈጥናል። ነገር ግን ተጠቃሚ ነምፓይ ሲል ነምፓይን ብቻ ማለቱ አይደለም። በእሱ ላይ የቆሙት ሳይፓይ፣ የዳታ ትንተናው ላይብረሪ ፓንዳስና ሌሎችም በሲ ኤፒአይ በኩል ወደ ነምፓይ ውስጥ ስለሚገቡ፣ አንዱን እንደገና መጻፍ የቀሩትን ሁሉ እንደገና ወደ መጻፍ ይመራል። ለዚህ የሚበቃ የሰው ኃይል የትም አልነበረም።

በተግባር ያሸነፈው ሦስተኛው፣ ማለትም ሲፓይተንን መስሎ መቅረብ ነው። ፓይፓይ ሲፓይኤክስት በተባለው ክፍሉ የሲ ኤፒአዩን ያስመስላል፤ ለእያንዳንዱ ወደ ውጭ ለሚወጣ ኦብጀክት አድራሻውን የማይለቅ መንታ ፈጥሮ ሁለቱን ያስተሳስራቸዋል። ከብዙ ዓመታት ማሻሻያ በኋላ በ2017 የወጣው ፓይፓይ 5.9 ያልተለወጠውን ነምፓይና ፓንዳስ ለማስኬድ በቃ። ዋጋው ፍጥነት ነው፤ በትላልቅ አሬዮች ላይ የሚሠራ ስሌት ብዙም አይጎዳም፣ የአሬዩን አባላት በሉፕ አንድ በአንድ የሚያነሳ ኮድ ግን በፓይፓይ ላይ ከሲፓይተንም ሊዘገይ ይችላል። ፓይፓይን የመረጠ ሰው የመረጠው ለፍጥነቱ ስለሆነ ይህ ቅር የሚያሰኝ ውጤት ነው።

ከዚህ ልምድ የተነሳ በ2019 በባዝል በተካሄደው የዩሮፓይተን ጉባኤ ላይ የፓይፓይ፣ የግራልፓይና ፓይተን መሰል ኮድን ወደ ሲ የሚለውጠው የሳይተን ሠሪዎች ተገናኝተው ኤችፓይ የተባለውን አዲስ መገናኛ ጀመሩ። በኤችፓይ ላይብረሪው የኦብጀክትን አድራሻ ፈጽሞ አያይም፤ የሚሰጠው ሃንድል፣ ማለትም ኦብጀክቱን የሚወክል መለያ፣ ነው፤ ትግበራው ከሃንድሉ በስተጀርባ ያለውን ኦብጀክት እንደፈለገ ማዛወር ይችላል። የውሰት ማጣቀሻ የለም። የተከፈተ ሃንድል ሁሉ በጊዜው መዘጋት አለበት፤ ሳይዘጋ የቀረ ወይም ከተዘጋ በኋላ የተነካ ካለ ለስህተት ማረሚያ የተዘጋጀው ሁነታ ያጋልጠዋል። ያው ኮድ ለሲፓይተን ብቻ ሲዘጋጅ ጥሪዎቹ በቀጥታ ወደ ነባሩ ኤፒአይ ስለሚለወጡ የፍጥነት ኪሳራ አይኖርም፤ በሁለንተናዊው መንገድ ሲዘጋጅ ደግሞ አንድ ፋይል በሲፓይተን፣ በፓይፓይና በግራልፓይ ላይ ይጫናል። ነምፓይን ወደ ኤችፓይ የማዛወር ሥራ ተጀምሮ ብዙ ርቀት ቢሄድም ወደ ዋናው ነምፓይ አልገባም፤ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር መስመር ላይ የሚደረግ ለውጥ ደግሞ ተቀብሎ የሚንከባከበው ሰው ይሻል።

ሳይፓይ በዚህ ላይ ከፊል ኮዱ የተጻፈበትን የአንጋፋውን የስሌት ቋንቋ የፎርትራንን ችግር ይጨምራል። ፓዮዳይድ የተባለው ፕሮጀክት ሲፓይተንን ብራውዘሮች በሚያስኬዱት የኮድ ዓይነት በዌብአሴምብሊ አማካይነት በብራውዘር ውስጥ ሲያስኬድ፣ ለዚያ መድረክ የሚሆን የፎርትራን ኮምፓይለር ባለመኖሩ የሳይፓይን የፎርትራን ኮድ ወደ ሲ በሚገለብጥ መሣሪያ ማሳለፍ ግድ ሆኖበት ነበር። ትግበራው ራሱ ሲፓይተን ሆኖ እንኳ የሚሮጥበት መድረክ ሲለወጥ ላይብረሪው አልከተል ይላል ማለት ነው።

በቅርብ ዓመታት ጉዳዩ የሲፓይተን የራሱም ሆኗል። በጥቅምት 2024 የወጣው ፓይተን 3.13 ክሮች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) በአንድ ጊዜ እንዲሮጡ የሚፈቅድ የሙከራ ቅጂ ይዞ መጣ። በዚህ ቅጂ አንዱ ክር የሊስት አባል በውሰት ወስዶ ሳለ ሌላው ያንኑ አባል ከሊስቱ አውጥቶ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ፓይፓይን ያስቸገረው የውሰት ማጣቀሻ በሲፓይተን ውስጥ አደጋ ሆነ። በመሆኑም 3.13 የሊስትን አባል በባለቤትነት የሚመልስ አዲስ የሲ ፈንክሽን ጨመረ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ነምፓይ 2.1ም ለዚህ ቅጂ ገና በጅምር ላይ ያለ ድጋፍ ሰጠ።