የጎንደር መሶብና አንቲኦክሲዳንት

ልጠው የተዉት ድንች ይጠቁራል። የቆየ የኑግ ዘይት ጠረኑ ይለወጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። የሁለቱም ጣጣ ከኦክስጅን ነው፤ ኦክሲዴሽን ይሉታል። ሰውነታችንም ምግብን ወደ ጉልበት ሲለውጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። ሲጋራና ኃይለኛ ፀሐይ ደግሞ ያበዟቸዋል። ኤሌክትሮን ስለሚጎድላቸው ካገኙት ይነጥቃሉ፤ ሴልም ይጎዳሉ። አንቲኦክሲዳንት ኤሌክትሮን ሰጥቶ የሚያበርዳቸው ነው።

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ይህን ቃል የሚያነሳ ነጋዴ አይገኝም። ነገሩ ግን በየጆንያው አለ። ከመተማና ከሁመራ የሚመጣውን ሰሊጥ እንውሰድ። ሴሳሚንና ሴሳሞሊን የሚባሉ ውህዶች አሉት፤ የሰሊጥ ዘይት ከኑግ ዘይት ይልቅ ሳይበላሽ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት እነሱ ናቸው። እንዲህ ያሉት ውህዶች ሊግናን ይባላሉ፤ ተልባም የራሱ አለው።

ጤፍ ላይ ትንሽ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። እንግዳ ሲመጣ ነጩ ይቀርባል፣ ቀዩ ለቤት ሰው ይቀራል። ፖሊፌኖል በሚባሉት የዕፅዋት አንቲኦክሲዳንቶች ግን የሚበልጠው ቀዩ ነው።

ቃሪያንም አንናቅ። ሀንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሰንት-ጆርጂ በ1930ዎቹ አንቲኦክሲዳንት የሆነውን ቫይታሚን ሲን በብዛት ያወጣው ከሀገሩ በርበሬ ነው። በ1937 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከሽሮው ጎን ጣል የምትደረገው ጥሬ ቃሪያም የዚያው ዘመድ ናት። ደርቆ የተፈጨው በርበሬ ቫይታሚን ሲው አብዛኛው ይጠፋል፤ ቀይ ቀለሙን የሚሰጡት ካሮቲኖይዶች ግን ብዙዎቹ ይተርፋሉ።

አሠራሩም ለውጥ ያመጣል። ጎመን ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ቫይታሚን ሲውም አብሮ ይደፋል። ዘይት ጠብ ሲደረግበት ደግሞ ቤታ ካሮቲን የሚባለውን ካሮቲኖይድ ሰውነት በተሻለ ይወስደዋል። ቲማቲምን የሚያቀላው ላይኮፒንም በዘይት ሲቁላላ ይሻለዋል፤ ስልሱ ከጥሬው የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ነጭ ሽንኩርት ሙቀጫ ውስጥ ሲወቀጥ ያ ኃይለኛ ሽታው ይወጣል። አሊሲን የሚባለው ውህድ የተፈጠረው ያኔ ነው። ወዲያው ድስት ውስጥ ከተጨመረ አሊሲን የሚሠራው ኢንዛይም በሙቀት ይሞታል። አሥር ደቂቃ ያህል ቢቆይ ይመረጣል።

ጥቅሙን በተመለከተ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ጥራጥሬ አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። ይህ ሁሉ የአንቲኦክሲዳንት ሥራ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ አሰሩም ሌላውም አለ። የአንቲኦክሲዳንት ክኒን ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ወንድ አጫሾች በተሳተፉበትና በ1994 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን በክኒን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ቀነሰ ሳይሆን 18 በመቶ ጨመረ። ጎመን በልቶ እንዲህ የሆነ ሰው አልሰማሁም።

ቡናን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምወደው ነው። ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል ፖሊፌኖል ሞልቶታል፤ ፍሬው እስኪጠቁር ከተቆላ ግን ብዙው ይጠፋል። ሌላም ነገር አለ። እነዚሁ ፖሊፌኖሎች ከጤፍና ከምስር የምናገኘውን ብረት ይዘው ያስቀራሉ። ደም ማነስ ያለበት ሰው፣ በተለይም ነፍሰ ጡር፣ ከምሳ በኋላ ወዲያው አቦል ባትቀበል ይሻላል። አንድ ሰዓት ያህል ብትቆይ፣ ምሳው ላይም ቃሪያ ወይም ሎሚ ብትጨምር ብረቱ በደንብ ይገባላታል። ረከቦቱ እንደሆነ የትም አይሄድም።